ሳን ፍራንሷ፦ በወንዝ መካከል ያለች ሰበካ

በ1999 ዓ.ም. ሦስተኛው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ሲካሄድ፣ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በአንድ የገጠር ቀበሌ ቆጣሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። መምህር ነበርኩና እንደ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቼ ለቆጠራው ተመደብኩ፤ የቆጠራ ቦታዬን ካርታ በቦርሳዬ፣ ጠመኔውን በኪሴ ይዤ ሸለቆ እየተሻገርኩ ለየቤቱ በር ቁጥር ሰጠሁ። ያ ሥራ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ወደ ገጠር በወጣሁ ቁጥር ጭስ የሚወጣበትን ጣሪያ እቆጥራለሁ፣ አጥቢያው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃም እጠይቃለሁ።

ካናዳ፣ ሞንትሪያል መጥቼ ለአዲስ ገቢዎች የሚሰጠውን የፈረንሳይኛ ትምህርት ስከታተል፣ አስተማሪያችን ከተማዋ ስላለችበት ክፍለ አገር፣ ስለ ኬቤክ ገጠር ባወራች ቁጥር «ፓርዋስ» የሚለውን ቃል ታነሣ ነበር። ፓርዋስ ማለት የቤተ ክርስቲያን ሰበካ ነው። ኬቤክ ውስጥ ግን የመንግሥት አስተዳደርም በዚያው ወሰን ላይ ስለ ተተከለ፣ በብዙ ቦታ የሰበካው ስም፣ የማዘጋጃ ቤቱ ስምና የነዋሪው መጠሪያ አንድ ሆነው ኖረዋል። በእኛ አገር አጥቢያና ቀበሌ በአንድ ሕዝብ ላይ ተደርበው የሚኖሩ፣ ወሰናቸው ግን እምብዛም የማይገጥም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ በቆጠራው ጊዜ ከሁሉ ያደከመኝም አንድ አባወራ «የምንቀበረው ወዲያ ማዶ ነው» እያለ የትኛው ዝርዝር ውስጥ እንደሚገባ መለየት ነበር። ስለዚህ ሁለቱ የገጠሙበትን አገር ማየት ፈለግሁ። ከሞንትሪያል ሳልርቅ የማገኘውን ስፈልግ በሳን ሎራን ወንዝ መካከል ካለው የኦርሌያን ደሴት ሳን ፍራንሷ የተባለችውን መረጥሁ፤ እንቁጣጣሽን ተከትሎ በመጣው ዓርብም ተነሣሁ።

እስከ ኬቤክ ከተማ ያለውን 250 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ሄድሁ፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ፈጅቷል፣ የሚነገርለት ነገር የለውም። ያበሳጨኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደሴቲቱ ላይ ያለ መኪና መንቀሳቀስ ስለሚያስቸግር በስልክ መኪና ተከራይቼ ነበር፤ የተነገረኝ ዋጋ 118 ዶላር ሲሆን ቢሮው ስደርስ 203 ሆኖ ጠበቀኝ። ልዩነቱ የመድንና ስሙን ሰምቼው የማላውቀው የአንድ አገልግሎት ክፍያ ነው ተባልሁ። ተከራከርሁ፤ ጸሐፊዋ ፈገግታዋን ሳትቀንስ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው። አባቴ በሬ ሲሸጥ እጅ ከተመታ በኋላ ዋጋ አይነሣም ነበር፤ እኔም በዚያ ልማድ ያደግሁ በመሆኔ ገንዘቡን ከፍዬ እስከ ድልድዩ ድረስ ንዴቴ አልበረደም።

ድልድዩ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ «ዓ.ም.» ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ከዚያ በፊት የደሴቲቱ ሰው በበጋ በጀልባ፣ በክረምት ደግሞ ወንዙ ሲረጋ በበረዶው ላይ በፈረስ ይሻገር ነበር። መንገዱ በጭጋግና በበረዶ ውሽንፍር እንዳይጠፋ የጥድ ቅርንጫፍ በሁለቱም ወገን በመስመር ይተከልለት ነበር። ጭንቁ የሚመጣው በረዶው ሰውን ለመሸከም በሳሳበት፣ ለጀልባም ባልተከፈተበት ወራት ነበር። ይህን ሳነብ ሐምሌ ላይ ወንዝ ሞልቶ ቀበሌያችን ከወረዳው ከተማ የሚቆረጥባቸው ሳምንታት ትዝ አሉኝ፤ ወንዝ ማዶ የሚኖር ሰው የቀን መቁጠሪያውን የሚያነበው በውኃው ነው።

ደሴቲቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አላት፤ ስፋቷ እጅግ በሰፋችበት ቦታ 8 ኪሎ ሜትር ነው። ዙሪያዋን 67 ኪሎ ሜትር የሚሆን አንድ መንገድ ይከባታል፤ ስሙ «ሸማን ሯያል»፣ የንጉሥ መንገድ ማለት ነው። በእርሱ ላይ ስድስት ሰበካዎች ተሰድረዋል፣ ሁሉም ተደምረው 7,000 ያህል ሕዝብ አላቸው። የፈረንሳዩ መርከበኛ ዣክ ካርቲዬ በ1535 በደረሰ ጊዜ የዱር ወይን ስላየባት በመጀመሪያ በወይን አምላክ በባኮስ ስም ጠራት፣ በኋላም በኦርሌያን መስፍን ሰየማት። ፈረንሳዮቹ ሰበካቸውን ከማቆማቸው በፊት በ1651 ከጦርነት የተረፉ ዌንዳት የተባሉ የምድሪቱ ነባር ሰዎች ከአገራቸው ተሰድደው በምዕራብ ጫፏ ሰፍረው ነበር፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ጦርነቱ እዚያም ደርሶባቸው ለቀቁ። መንገደኛው ሁሉ የደሴቲቱን ታሪክ ከ1661 ጀምሮ፣ የመጀመሪያዋ ሰበካ ሳንት ፋሚይ ከተመሠረተችበት ዓመት ሲቆጥር እሰማለሁ። እኔ ግን ስደተኛ ስለሆንሁ ከእነዚያ ስደተኞች ልጀምር።

ሳን ፍራንሷ በምሥራቅ ጫፍ ላይ ናት፤ ከድልድዩ በጣም የራቀችውም እርሷ ናት። ሰበካ የሆነችው ከሌሎች ሦስት ጋር በ1679 ነው። ሕዝቧ 600 ገደማ ነው፤ እኔ ብቻዬን፣ በእግሬ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቆጥሬ የምጨርሰው ሕዝብ ነው። ከዚህም ከዚያም ቢጫ አበባ መንገዱን አጅቦታል። አደይ አበባ አይደለም፣ ፈረንሳዮቹ «የወርቅ በትር» የሚሉት ረጅም ተክል ነው። ነገር ግን በመስከረም መጀመሪያ፣ በእርሻ ዳር፣ በዚያ ቀለም ሳየው መኪናውን አቁሜ ወረድሁ፤ በንዴቴ ምክንያት ምንም ሳላይ ቆይቼ ለመጀመሪያ ጊዜ ዙሪያዬን የተመለከትሁት ያን ጊዜ ነው።

የመሬቱን አከፋፈል ለማየት ከፍታ ያስፈልጋል። በምሥራቁ ጫፍ ከመንገዱ ዳር የእንጨት ማማ ተሠርቷል፤ ቅዳሜ ጠዋት ወጣሁበት። እርሻው ሁሉ እንደ ጥብጣብ ቀጭንና ረጅም ሆኖ ከወንዙ ዳር ተነሥቶ ወደ ደሴቲቱ ወገብ ይወጣል፤ ከሰሜኑ ዳር የሚመጣውና ከደቡቡ ዳር የሚመጣው እርሻ ጀርባ ለጀርባ የሚገናኙት ጫካ በለበሰው ወገብ ላይ ነው። በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መሬት ሲታደል የተለመደው ልክ ወደ 180 ሜትር ስፋትና ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ነበር። አሳቡ ለሁሉም ሰው ወንዝ እንዲደርሰው ነው፤ ወንዙ መንገድም፣ ዓሣም፣ ውኃም ነበርና። ቤቶቹም በዚሁ ምክንያት ሁሉም በመንገዱ ዳር፣ እርስ በርስ በሚተያዩበት ርቀት ተሰልፈዋል። እኛ ዘንድ ቤት በየጉብታው ተበትኖ መሐል ላይ በጽድ የተከበበው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ጎልቶ ይታያል፤ እዚህ ሰበካው ራሱ እንደ መቁጠሪያ በአንድ ክር ላይ የተሰካ ነው። ለቆጣሪ ከዚህ የተመቸ አገር አላየሁም።

ከማማው በስተሰሜን የሰሜኑ ዳርቻ ተራሮች፣ በስተምሥራቅ ደግሞ ወንዙ ድንገት ሰፍቶ ትንንሽ ደሴቶችን ይዞ ወደ ባሕር ሲከፈት ይታያል። ሳን ሎራን ከታላላቆቹ ሐይቆች ይዞት የመጣው ጣፋጭ ውኃ ከባሕር ጨው ጋር መቀላቀል የሚጀምረው እዚህ ሳን ፍራንሷ ጫፍ አካባቢ ነው። ከባሕሩ ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ እንኳ ውኃው በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ልዩነቱም ከ4 ሜትር የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ወርጄ በእፍኜ ቀመስሁት፤ ምንም ጨው የለውም፣ ጭቃ ጭቃ ይላል።

ያደርሁበትን ቤት ሳልናገር አላልፍም፤ በአዳር 126 ዶላር ከፍዬበታለሁ። ክፍሏ ከወጥ ቤቱ በላይ፣ በጣሪያው ተዳፋት ሥር ያለች ስትሆን ቀና ብዬ መቆም የምችለው በአልጋውና በበሩ መካከል ብቻ ነበር። ዓርብ ሌሊት ከባሕር ወደ ሞንትሪያል የሚወጡ ጭነት መርከቦች ባለፉ ቁጥር የሞተራቸው ድምፅ በግድግዳው ውስጥ ገብቶ የመስኮቱን መስተዋት ያንቀጠቅጠው ነበር። አራት መርከብ ቆጥሬአለሁ። አምስተኛውን ስጠብቅ ነጋ፤ ሲነጋም ትራክተር ተነሣ። ቁርሱ ግን አሳረፈኝ፦ ትኩስ ዳቦ፣ የደሴቲቱ ፕለም ማርማላታ፣ ቅቤና ጥቁር ቡና። የቤቱ ባለቤት የደከመ ፊቴን አይቶ ለሁለተኛው ሌሊት በጓሮ በኩል ወዳለ ክፍል ሳልጠይቀው አዛወረኝ፤ ዋጋም አልጨመረብኝም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድሁ። የተሠራው በ1734 ነበር፤ በ1988 ሰኔ ላይ አንድ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ገጨውና ሕንፃው በእሳት ወደመ። የሰበካው ሰው በቆሙት የድንጋይ ግድግዳዎች ላይ መልሶ ሠራው፣ በ1992ም ተከፈተ። በ1759 የእንግሊዝ ጦር ደሴቲቱ ላይ ሲሰፍር ሕዝቡ ቤቱን ትቶ ወደ ሰሜኑ ዳርቻ በተሰደደበት ጊዜ ያልጠፋ ሕንፃ በአንድ መኪና መጥፋቱ ልቤን ነካው። ለዚህ ትንሽ ሕዝብ ያንን ሸክም መሸከም ምን እንደሆነ የደብር ሥራ ያየ ሰው ያውቀዋል። ሰበካው ንብረቱን የሚያስተዳድርበት የተመረጡ ምእመናን ጉባኤ «ፋብሪክ» ይባላል፤ ከእኛ ሰበካ ጉባኤ ጋር በሥራም በጭቅጭቅም እንደሚመሳሰል በኋላ ተረዳሁ።

ያስረዱኝ በመቃብሩ ቦታ አበባ ሲያጠጡ ያገኘኋቸው ሴት ናቸው፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ ያልፋል። «አንተ ከየት መጣህ?» አሉኝ። እኔ «እርስዎ» እያልሁ ስመልስላቸው ሳቁና «እዚህ ሁላችንም አንተና አንቺ ነን» አሉኝ። እናቴን ለሚያህሉ ሴት «አንቺ» ማለት ምላሴ አልቻለም፤ እስከ መጨረሻው «እርስዎ» እንዳልሁ ቀረሁ፣ እርሳቸውም ተዉኝ። የውኃ ማጠጫውን ተቀብያቸው ከመቃብር መቃብር አብረን ዞርን። በድንጋዮቹ ላይ ያሉት ስሞች ጥቂት ናቸው፣ ይደጋገማሉ፦ ድዮን፣ ለምለን፣ ኤሞን፣ ላቤ። የደሴቲቱ የመጀመሪያ ቤተሰቦች ሦስት መቶ ያህል እንደ ነበሩና ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ተበትኖ ያለው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ብዙው ዘሩን ወደ እነርሱ እንደሚስብ ነገሩኝ። በየበጋው ከአሜሪካ ሰዎች የአያት የቅድመ አያታቸውን ስም በወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ከ1840 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ወደ 900,000 የሚጠጋ የፈረንሳይ ካናዳ ሰው መሬት ጠቦት ወደ አሜሪካ ፋብሪካዎች ተሰድዷልና፣ የሚመጡት የእነዚያ የልጅ ልጆች ናቸው።

እኔ የማውቀውን ነገርኋቸው። በጎጃም መሬት በርስት በሚያዝበት ዘመን፣ መሬት የሚጠይቅ ሰው ዘሩን በአባትም በእናትም በኩል እየቆጠረ አገሩን መጀመሪያ ወዳቀናው አቅኚ አባት መድረስ ነበረበት። አያቴ ሰባት ትውልድ በአንድ ትንፋሽ ይወርዱ ነበር። የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ከሻረ በኋላ ያ ቆጠራ ዋጋ አጣ፤ እኔ አራት ትውልድ አውቃለሁ፣ ሞንትሪያል የተወለደች ልጄ ሁለት። ሴትዮዋ ዝም ብለው ከሰሙኝ በኋላ፣ እነርሱ በቃል እንደማያውቁት፣ የሚያውቀው መዝገቡ እንደሆነ ነገሩኝ።

መዝገቡ እውነትም የሚያስቀና ነው። ከፈረንሳይ ዘመን ጀምሮ ቄሱ ጥምቀቱን፣ ጋብቻውንና ቀብሩን በሁለት ቅጂ ይጽፍ ነበር፤ አንዱ በሰበካው ይቀራል፣ አንዱ ለመንግሥት ይሄዳል። እስከ 1994 ድረስ ኬቤክ ውስጥ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ሕጋዊ የልደትና የጋብቻ ማስረጃ ነበር። ቄሱም ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የሚተዳደረው በአስራት ሲሆን፣ ስሙ አስራት ይሁን እንጂ መጠኑ ከሃያ ስድስት ቁና እህል አንዱ ነበር፤ መጀመሪያ የታዘዘው አሥራ ሦስተኛው ለገበሬዎቹ ከብዶ ስለ ታየ እንዲህ ተቀነሰ። እኛ በቆጠራው ወቅት የአንድን ሰው ዕድሜ ለማወቅ «የጣልያን ጊዜ ነው ወይስ ከዚያ በኋላ?» እያልን እንጠይቅ ነበር። በመዝገብ ያልተጻፈ ዕድሜ ያለው ሕዝብ ልጅ እንደ መሆኔ፣ በ1679 ከተመሠረተች ሰበካ አጠገብ ስቆም የተሰማኝ ቅናት ነው፤ ደግሜ እላለሁ፣ ቅናት ነው።

ያም ሆኖ የሰበካው ሕይወት ሳስቷል። ቅዳሴ በየሳምንቱ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንደማይደረግ፣ ካህኑ በደሴቲቱ ላይ እንደሚዘዋወሩ ሴትዮዋ ነገሩኝ። እሑድ ጠዋት ተራው የደረሰው ጎረቤት ሰበካ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥሁ፤ ሠላሳ አንድ ሰው ቆጠርሁ፣ ሁለት ልጆች ነበሩ። እኛ ዘንድ በዕለተ እሑድ ቅጥር ግቢው የማይበቃው ሕዝብ ትዝ አለኝና አዘንሁ።

በመንገድ ዳር ሰው የሌለበት የአትክልት መሸጫ አገኘሁ። ድንች፣ በቆሎና ዱባ በመደዳ ተደርድሯል፣ ዋጋው በካርቶን ላይ ተጽፏል፣ የገንዘቡ ሣጥን ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ያለው ቆርቆሮ ነው። ስድስት ዶላር ጥዬ አንድ ከረጢት ድንች ወሰድሁ። እኛ አገር በመንገድ ዳር ያለ ድንች ሁልጊዜ ልጅ ይጠብቀዋል። ልጁ ከትምህርት ገበታው ቀርቶ እንደሚጠብቀው መምህሩ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ያ ቆርቆሮ ሣጥን ከቤተ ክርስቲያኑ እኩል አስደሰተኝ።

ድንቹን ማን እንደ ቆፈረው ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወደ ሱቅ ስሄድ በብስክሌት ከሚመጡ ሁለት ወንዶች ጋር ተገናኘሁ፤ ከጓቲማላ ናቸው። በደሴቲቱ እንጆሪውን፣ ድንቹንና ፖሙን የሚሰበስቡት በአብዛኛው ከጓቲማላና ከሜክሲኮ በወቅት ፈቃድ የሚመጡ ሠራተኞች ናቸው። እኔ እስፓኒሽ አላውቅም፣ እነርሱ ከእኔ ያነሰ ፈረንሳይኛ አላቸው፤ ቢሆንም ትልቁ ዘጠነኛ ዓመቱ እንደሆነ፣ ሦስት ልጆች እንዳሉት፣ ጥቅምት ሲያልቅ እንደሚመለስ አስረዳኝ። የመጨረሻ ልጁን ልደት አንድ ጊዜም አላየም። እያንዳንዱን ፈር ያውቃል፣ በመቃብሩ ያሉትን ስሞች ግን አያውቅም፣ ስሙም እዚያ አይጻፍም። የገልፍ አገሮች ሄደው የቀሩ ተማሪዎቼን በፊቱ ላይ አየኋቸው። ስለ ሰበካው ሕዝብ ስንነጋገር የሚሠራበትን ሰው ትተን የሚቀበርበትን ብቻ ከቆጠርን ቆጠራችን ጎዶሎ ነው፤ ይህን ለሴትዮዋም ሳልነግራቸው አልቀረሁም፣ እርሳቸውም «ልክ ነህ፣ እኛም የመጣነው ለሌላ ሰው መሬት ልንሠራ ነው» አሉኝ። ገበሬው ለመሬት ጌቶች እየገበረ የሚያርስበት ሥርዓት የተሻረው በ1854 ነበርና አባባላቸው እንዲያው ምሳሌ ብቻ አይደለም።

እሑድ ሲመሽ፣ ሴትዮዋ እንደ መከሩኝ ውኃው ሲሞላ ወደ ጫፉ ተመለስሁና ደግሜ ቀመስሁ። በጣም ቀጭን፣ ምላስ ላይ ቆይቶ የሚመጣ ጨው ያለው መሰለኝ።

መኪናውን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት መመለስ ነበረብኝ። በደቡቡ መንገድ ቀስ ብዬ እየነዳሁ፣ ከምሥራቁ ጫፍ እስከ ሰበካው ወሰን ምልክት ድረስ መብራት የበራባቸውን ቤቶች ቆጠርሁ። ብዙው ጨለማ ነው፤ የበጋ ቤቶች ናቸው፣ ባለቤቶቻቸው ወደ ከተማ ተመልሰዋል። ከአንድ እርሻ ጀርባ ያለው የሠራተኞቹ ረጅም ቤት በስድስት መስኮቶቹ ሁሉ በርቶ ነበር፤ እንደ አንድ ቤት ቆጠርሁት፣ ከዚያም ተመልሼ እንደ ስድስት አደረግሁት። አርባ አንደኛው አረንጓዴ ጣሪያ ያለው ነው፤ መጋረጃው አልተዘጋም፣ ሴትዮዋ ከወጥ ቤቱ ጠረጴዛ አጠገብ ቆመው ፕለም ይለቅሙ ነበር።